ለረጅም ሰዓት ቪዲዮ ኤዲቲንግ ከፍ ዝቅ የሚል ጠረጴዛ፦ የትኛው ሥራ ቆሞ፣ የትኛው ተቀምጦ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ቪዲዮ ኤዲት ያደርጋሉ። ለወገብ ሕመማቸው መፍትሔ ይሆናል ብለው በሞተር ከፍ ዝቅ የሚል ጠረጴዛ ከገዙ 3 ሳምንት ሆኗቸዋል። ቁመታቸው 168 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠረጴዛው ዝቅ ሲል 72፣ ከፍ ሲል 120 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ሲቆሙ 112 ላይ ያደርጉታል። ሁለት ባለ 27 ኢንች ሞኒተሮች በአንድ ክንድ ተሰቅለዋል፤ ኮምፒውተሩ መሬት ላይ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ለመቆም ሞክረው አሁን ተረከዛቸው ያቃጥላቸዋል፣ ቀኝ ትከሻቸውን ያማቸዋል፣ ማውሱ ታይምላይን (ክሊፖች በቅደም ተከተል የሚደረደሩበት የፕሮግራሙ ክፍል) ላይ አንድ ሁለት ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) ይስታል፣ ኪቦርድ ሲነኩም ስክሪኑ ይርገበገባል። «ልልመደው ወይስ ልሽጠው?» ይላሉ።

አይሽጡት። ቀኑን ሙሉ መቆሙን ግን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። የዘረዘሯቸው አራት ችግሮች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ አብዛኞቹም ያለ ምንም ተጨማሪ ግዢ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይስተካከላሉ።

ከትከሻው እንጀምር፤ ቁጥሮችዎ መልሱን ይዘውታልና። ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ክንዱን ሲያጥፍ ክርኑ ያለበት ከፍታ ከጠቅላላ ቁመቱ 63 በመቶ ገደማ ነው። በ168 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይህ ወደ 106 ይመጣል። ጫማ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፣ የኪቦርዱ ውፍረት ያንኑ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ የእርስዎ የመቆሚያ ከፍታ 106 አካባቢ ነው። እርስዎ ያቆሙት 112 ላይ ነው። በ6 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ትከሻ ቀኑን ሙሉ ወደ ጆሮ ተሰቅሎ ይውላል፤ ማውሱን የሚይዘው ትከሻ ደግሞ ቀድሞ ይደክማል። ለምን 112 እንደመረጡ መገመት አያስቸግርም፦ ስክሪኑ ዝቅ ሲልብዎት ጠረጴዛውን አነሱት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። የጠረጴዛውን ከፍታ የሚወስነው ክርን ነው፣ የስክሪኑን ከፍታ የሚወስነው ዓይን ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ ይስተካከላሉ።

ስሌቱ መነሻ ብቻ ስለሆነ በራስዎ ሰውነት ይለኩት። የሚሠሩበትን ጫማ ያድርጉ፤ የእግር ምንጣፍ ካለ ላዩ ላይ ይቁሙ፣ ምንጣፉ ራሱ ከፍታ ይጨምራልና። ትከሻዎን አንዴ ወደ ላይ ሰብስበው ይልቀቁት፣ ክንድዎ በራሱ ክብደት ይውረድ። ከዚያ ክርንዎን 90 ዲግሪ ወይም ትንሽ ከፈት አድርገው አጥፈው ይያዙና ሌላ ሰው ከመሬት እስከ ክርንዎ በሜትር ይለካ። ከዚያ የኪቦርዱን ውፍረት ይቀንሱ። ጠረጴዛውን እዚያ ላይ አድርገው ለ20 ደቂቃ ይሥሩ። የእጅ አንጓዎ ወደ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ ጠረጴዛው ዝቅ ብሏል ማለት ነው፣ ትከሻዎ ተመልሶ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ከፍ ብሏል። በ1 ሴንቲ ሜትር እያስተካከሉ ሲያገኙት በማስታወሻ ቁልፉ ላይ ያስቀምጡት።

ስለ መቆሚያው ብቻ ጠየቁ እንጂ የመቀመጫ ከፍታዎም ልክ አይመስልም። በእርስዎ ቁመት ላይ ወንበሩ 44 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ክርን ከመቀመጫው በላይ 23 አካባቢ ይሆናል፤ ድምሩ 67 ነው። ጠረጴዛዎ ከ72 በታች አይወርድም። የመጀመሪያው የወገብ ሕመም አንድ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል፤ እጅ ከፍ ሲል ሰውነት ወደ ፊት ይሳባልና። ወንበሩን 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉ፣ ከእግርዎ በታች ያንኑ ያህል ከፍታ ያለው ጠንካራ ማሳረፊያ ያስገቡ። እግር በአየር ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም፤ የወንበሩ ጫፍ የጭንን ሥር ይጫናል። ጠረጴዛ ገና ያልገዛ ሰው ይህን ቢያነብ፦ እግሩ ባለ ሦስት ተሳቢ የሆነው (አንዱ ከሌላው ውስጥ የሚሳቡ ሦስት ቱቦዎች ያሉት) ብዙውን ጊዜ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ባለ ሁለት ተሳቢው 70 አካባቢ ይቆማል። ሻጮች የሚያሳዩት ምን ያህል ከፍ እንደሚል ነው፤ ከ170 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ ሰው ግን ዋናው ጥያቄ ምን ያህል ዝቅ ይላል የሚለው ነው። የላዩ ጣውላ ውፍረት በተጻፈው ቁጥር ውስጥ መካተቱንም ያረጋግጡ።

አሁን ስክሪኑ። የሞኒተሩ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንዎ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ያለ ይሁን። በእርስዎ ቁመት ላይ ከጠረጴዛው ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ማለት ነው። ባለ 27 ኢንች ስክሪን ቁመቱ 34 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከሥሩ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ይቀራል። ርቀቱ ከ60 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ባለ ብዙ እይታ መነጽር (ለሩቅም ለቅርብም የሚያገለግል) የሚያደርግ ሰው ስክሪኑን ከዚህም ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል፣ አለበለዚያ አገጩን ሽቅብ እያነሳ ይሠራል። ሲቀመጡ ወደ ታች ጠለቅ የሚሉ ከሆነ ዓይንዎ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስለሚወርድ ክንዱን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ሁለቱን ሞኒተሮች እኩል ግራና ቀኝ አድርገው ከሆነ ይለውጡት፦ ታይምላይኑ ያለበት በቀጥታ ፊት ለፊትዎ ይሁን፣ ሁለተኛው ከጎኑ ወደ እርስዎ ዞር ይበል። ሁለቱ የሚገናኙበት ጠርዝ በአፍንጫዎ ትይዩ ከሆነ አንገትዎ ቀኑን ሙሉ ጠምዘዝ ብሎ ይውላል።

ትከሻውን የሚጎዳ ሌላም ነገር አለ። ሙሉ ኪቦርድ በቀኝ በኩል የቁጥር ሰሌዳ አለው፤ ያ ሰሌዳ ማውሱን ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይገፋዋል። ኤዲተር የቁጥር ሰሌዳውን ብዙ አይጠቀምበትም። ያለ እሱ የተሠራ ኪቦርድ ማውሱን ወደ ሰውነት ያቀርበዋል። ባለ መዘውር መቆጣጠሪያ (ቪዲዮውን መዘውር በማዞር ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወስድ መሣሪያ) ካለዎት በግራ እጅ በኩል ያስቀምጡት፤ የቀኝ እጅ ሥራ ይቀልላል።

ማውሱ ፍሬም የሚስተው ስለምን ነው? ሁለት ነገር ተደርቦ ነው። አንደኛው፣ ተቀምጠው ሲሠሩ የፊት ክንድዎ በጠረጴዛው ወይም በወንበሩ እጀታ ላይ አርፎ ማውሱን የሚያንቀሳቅሱት በአንጓና በጣት ነው። ሲቆሙ ክንዱ ድጋፍ ያጣና እንቅስቃሴው ከትከሻ ይመጣል። ትከሻ ትልልቅ እንቅስቃሴ እንጂ የሚሊ ሜትር ሥራ አይሆንለትም። ስለዚህ ኪቦርዱንና ማውሱን ከጠርዙ ወደ ውስጥ ገፍተው የፊት ክንድዎ ግማሽ ያህሉ ጣውላው ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ፤ ለዚህም ጥልቀቱ 75 ወይም 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ይመረጣል። ማሳረፍና መደገፍ ግን ይለያያሉ፦ የሰውነትዎን ክብደት በአንጓ ላይ ከጣሉ በትንሿና በቀለበት ጣት ላይ መደንዘዝ ይመጣል።

ሁለተኛው የጠረጴዛው መወዛወዝ ነው። ቀላል መፈተኛ አለ፦ ጠረጴዛው በመቆሚያ ከፍታው ላይ እያለ ከኮምፒውተርና ከገመድ አርቀው ጥቂት ውሃ ያለበት ብርጭቆ ያስቀምጡና እንደ ልማድዎ ይተይቡ። የውሃው ገጽ በስሱ ቢንቀጠቀጥ ችግር የለውም። ወደ አንድ ጎን እየተንሸራተተ የሚመለስ ከሆነ ግን እግሩ ነው የሚወዛወዘው። ምክንያቱ፣ የእግሩ ቱቦዎች እርስ በርስ ተሰካክተው የቆሙ ናቸው፤ ጠረጴዛው ከፍ ባለ ቁጥር እርስ በርስ የተያያዙበት ርዝመት ያጥራል፣ በመካከላቸው ያለችው ክፍተትም ላይኛው ጫፍ ላይ ጎልታ ትታያለች። ከ112 ወደ 106 መውረድዎ ራሱ አንድ ማሻሻያ ነው። ከዚያ ጠረጴዛውን ዝቅ አድርገው ከሥሩ ያሉትን ብሎኖች በሙሉ ያጥብቁ፣ በተለይ እግሩ ጣውላውን ከተሸከመው የብረት ፍሬም ጋር የሚገናኝባቸውን፤ አዲስ ጠረጴዛ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይላላል። ውሃ ልክ አስቀምጠው አራቱንም የእግር ጫፎች በማዞር ያስተካክሉ። ወፍራም የወለል ምንጣፍ ላይ የቆመ ከሆነ ከእግሮቹ ሥር ጠንካራ ጣውላ ያድርጉ።

የስክሪኑ መርገብገብ ግን በብዛት የጠረጴዛው ብቻ አይደለም። አንድ ክንድ ሁለት ሞኒተር ተሸክሞ ጣውላው ጀርባ መሃል ላይ ሲቆነጠጥ፣ ጣውላው በጣም የሚረገብበት ቦታ ላይ ነው የተሰቀለው። መቆንጠጫውን ከእግሮቹ ወደ አንዱ አቅርበው፣ ቢቻል የብረቱ ፍሬም በሚያልፍበት መስመር ላይ ያድርጉት። ክንዱን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው አይጠቀሙ፤ ባጠረ መጠን መርገብገቡ ይቀንሳል። ሁለቱን ሞኒተሮች በሁለት የተለያዩ ክንዶች መስቀል ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ቀጭን ጣውላ ከሆነ ከመቆንጠጫው በላይና በታች የብረት ሰሌዳ ያስገቡ፣ አለበለዚያ ጣውላው ይሰረጎዳል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ቆሞ መከርከም (የክሊፕን ጫፍ በፍሬም ልክ መቁረጥ) እንደ ተቀምጦ አይሆንም። ቆመው ክሊፕ መቁረጥ ሲኖርብዎ ወደ ኪቦርድ ይዙሩ። የጄ (J) ቁልፍ ወደ ኋላ ማጫወቻ፣ ኬ (K) ማቆሚያ፣ ኤል (L) ወደ ፊት ማጫወቻ ነው፤ ኬን ይዘው ኤልን አንድ ጊዜ ሲነኩ አንድ ፍሬም ይሄዳል። ዳቪንቺ ሪዞልቭና ፋይናል ከት ፕሮ በተባሉት የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች የኮማና የነጥብ ቁልፎች የተመረጠውን ነገር በአንድ ፍሬም ግራና ቀኝ ያንቀሳቅሳሉ። በዚህ መንገድ የጠረጴዛው መነቅነቅ ቁርጡ ላይ አይደርስም።

ዋናው ምክሬ እዚህ ላይ ነው፦ መቆምና መቀመጥን በማንቂያ ደወል አይከፋፍሉት፣ በሥራው ዓይነት ይከፋፍሉት። ደወል ሐሳብዎን መሃል ላይ ይቆርጠዋል፣ ከሁለት ቀን በኋላም ያጠፉታል። የኤዲቲንግ ሥራ ግን በራሱ የተከፋፈለ ነው። በዓይንና በጆሮ የሚሠራው ለመቆም ይመቻል፦ የተቀረጸውን ምስል ማየትና መምረጥ፣ ለክሊፖች ስም መስጠትና መመደብ፣ ቃለ መጠይቅ እየሰሙ ምልክት ማድረግ፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ በሰፊው መደርደር፣ የግርጌ ጽሑፍ ማንበብ፣ ከደንበኛ ጋር በስልክ መነጋገር፣ ኤክስፖርት (ያለቀው ቪዲዮ ወደ አንድ ፋይል ሲወጣ) መጠበቅ። በጣት ጫፍ የሚሠራው ተቀምጦ ይሁን፦ የፍሬም ክርከማ፣ ኪፍሬም (እንቅስቃሴ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ነጥብ ማስቀመጥ)፣ ማስክ (የምስሉን አንድ ክፍል የሚለይ ቅርጽ) መሳል፣ ግራፊክስ ማስተካከል። ያለቀ ቅንብርን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲያዩ ደግሞ ቆመው ብቻ አይብቃዎት፤ ከስክሪኑ 2 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይራቁ። እጅ ከኪቦርድ ሲርቅ በየመሃሉ እያቆሙ ማረሙ ይቀራል፣ የቅንብሩ ፍጥነት ችግርም እንደ ተመልካች ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የቀለም ሥራንና የድምፅ ሚክስን (ድምፆችን ማመጣጠን) ለብቻ የማነሳቸው የሚጎዳው ሰውነትዎ ብቻ ሳይሆን ሥራው ስለሆነ ነው። ቀለም ሲያስተካክሉ ጭንቅላት ከስክሪኑ አንጻር ያለበት ቦታ መለዋወጥ የለበትም። ብዙ ስክሪኖች ከላይ ወይም ከጎን ሲታዩ ጥቁሩ ይገረጣል፣ ንፅፅሩም ይለወጣል። ጠረጴዛው ሲነሳም ተቀምጠው ሳሉ ያልነበረ የጣሪያ መብራት ነጸብራቅ ስክሪኑ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ቆመው ያጨለሙትን ትዕይንት ተቀምጠው ሲያዩት ሌላ ሆኖ ያገኙታል። ስለዚህ የቀለም ሥራን በአንድ ከፍታ፣ ተቀምጠው፣ በአንድ ብርሃን ይጨርሱ።

ድምፅም እንዲሁ ነው። ስፒከሮችዎ በራሳቸው መቆሚያ ላይ ከሆኑና ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክፍል በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ ከተስተካከለች፣ ሲቆሙ ጆሮዎ ከመስመሯ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወጣል። ቀጭኑ ድምፅ ቀንሶ ይሰማዎታል፣ እርስዎም ሳያስፈልግ ይጨምሩታል፤ ውጤቱ በሌላ ቦታ ሲሰማ ጆሮ የሚወጋ ይሆናል። ስፒከሮቹ ጠረጴዛው ላይ ካሉ አብረው ይነሳሉ፣ ግን ከጣሪያና ከግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ ይለወጣል። ቆመው ንግግር ለመምረጥ የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል፤ የመጨረሻውን ሚክስ ተቀምጠው ይሥሩት።

ወደ ገመዶች ስንመጣ፣ ኮምፒውተሩ መሬት ላይ መሆኑ ያሳስበኛል። ጠረጴዛው ከመቀመጫ ወደ መቆሚያ ወደ 35 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፣ ከዝቅተኛው እስከ መጨረሻ ከፍታው ከተነሳ ደግሞ 48። ለተቀመጠ ሰው የበቃ ገመድ እዚያ ሲደርስ ይወጠራል፣ ሶኬቱን ቀስ በቀስ ያላላል፣ አንድ ቀን ኤክስፖርት እየተደረገ ሳለ ውጫዊው ዲስክ ይነቀላል። ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፣ ታይምላይኑም በቀይ «ፋይሉ የለም» ይሞላል። ሕጉ ቀላል ነው፦ በአጭር ገመድ የሚገናኙ ዕቃዎች አብረው ይንቀሳቀሱ። ተንደርቦልት 3 (ኮምፒውተርን ከዲስክና ከሞኒተር የሚያገናኝ ፈጣን መስመር) ያለ ማጉያ ሙሉ ፍጥነቱን የሚሰጠው ከ1 ሜትር ባነሰ ገመድ ነው፤ ፈጣን ዩኤስቢም ከ1 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ክብደቱን በሚችል ማንጠልጠያ ከጣውላው ሥር፣ ወደ አንዱ እግር ጠጋ አድርገው ይስቀሉት፤ ኤስኤስዲዎቹን (የሚሽከረከር አካል የሌላቸውን ዲስኮች) እና የሶኬት ማከፋፈያውንም እዚያው ከሥር ያስሩ። ያኔ ወደ መሬት የሚወርዱት ሁለት ገመዶች ብቻ ይሆናሉ፦ አንድ የኤሌክትሪክ፣ አንድ የኔትዎርክ። ከዚያ በፊት ግን የጠረጴዛውን የመሸከም አቅም ይመልከቱ። አንድ ሞተር ያለው ብዙ ጊዜ 70 ወይም 80 ኪሎ፣ ሁለት ሞተር ያለው ከ100 ኪሎ በላይ ያነሳል፤ የጣውላው ክብደት ራሱ ከዚህ ላይ ይቀነሳል።

ኮምፒውተሩ መሬት ላይ ይቅር ካሉ የሞኒተር ገመዶቹ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ይሁኑ። በሁለቱም መንገድ ፈተናው አንድ ነው፦ ምንም ሥራ ክፍት ሳይሆን ጠረጴዛውን እስከ መጨረሻው ያንሱና ከሥር ገብተው እያንዳንዱን ገመድ በጣት ይንኩ። የተወጠረ ካለ በኋላ ችግር የሚያመጣው እሱ ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክና ሬይድ ሳጥን (ብዙ ዲስኮች አብረው የሚሠሩበት ሳጥን) ግን ከሚንቀሳቀስ ጠረጴዛ ላይ ይራቁ፤ ጠረጴዛው በድንገት ሲቆም ወይም ዕቃ ነክቶ ሲመለስ የሚፈጠረው ንቅናቄ አይጠቅማቸውም። መጠባበቂያ ባትሪውም መሬት ላይ ይሁን።

ተረከዙን በተመለከተ። ዝም ብሎ የቆመ ሰው የባቱ ጡንቻ እንደሚራመድ ሰው ደጋግሞ አይኮማተርም፤ ደምን ከእግር ወደ ላይ የሚገፋው ግን ያ መኮማተር ነው። ስለዚህ ደም እግር ላይ ይጠራቀማል፣ ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ የውስጥ እግር ጅማት ደግሞ ያለ ዕረፍት ይወጠራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ስፖርትስ ሜዲስን የወጣ የባለሙያዎች ምክር ለቢሮ ሠራተኞች በሥራ ቀን ውስጥ በመቆምና በቀላል እንቅስቃሴ የሚያልፍ 2 ሰዓት፣ ቀስ በቀስም እስከ 4 ሰዓት ያስቀምጣል። እርስዎ ግን ገና በ3 ሳምንት ውስጥ በቀን 10 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለመቆም ሞከሩ። ሕመሙ እስኪበርድ ጥቂት ቀን ተቀምጠው ይሥሩ። ከዚያ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አራት ጊዜ 15 ደቂቃ፣ በሁለተኛው 20 ወይም 25፣ ከዚያ በኋላ 30 ደቂቃ ያድርጉት። በአንድ ጊዜ ከ45 ደቂቃ በላይ አይቁሙ።

ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድካም መከላከያ ምንጣፍ ይረዳል፤ ከዚያ በጣም የለሰለሰው ቁርጭምጭሚትን ሚዛን ያሳጣዋል። በባዶ እግር ወይም በስስ ነጠላ ጫማ ጠንካራ ወለል ላይ አይቁሙ። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ማሳረፊያ ላይ አንዱን እግር እያፈራረቁ ያስቀምጡ፣ ጉልበትዎን ወደ ኋላ አያስቆልፉ። አንድ ነገር ግን እንዳይሳሳቱ፦ መቆም ከመቀመጥ በሰዓት 10 ኪሎ ካሎሪ ያህል ብቻ ነው የሚበልጠው፤ የእግር ጉዞን አይተካም። አቋም በቀየሩ ቁጥር 2 ደቂቃ ይራመዱ።

ሞተሩ ብዙ ትኩረት አይፈልግም። አብዛኞቹ 2 ደቂቃ ሠርተው 18 ደቂቃ እንዲያርፉ የተሠሩ ናቸው፤ ከመቀመጫ ወደ መቆሚያ ለመድረስ ከ15 ሰከንድ ስለማይበልጥ በተለመደ አጠቃቀም አይቸገሩም። ገመድ ሲፈትሹ ደጋግመው ካወጡና ካወረዱ ግን ሞቆ ሊቆም ይችላል፤ ይተዉት፣ ያርፍ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከፍታውን የሚረሳ ወይም አንድ ጎኑ የሚያጋድል ከሆነ፣ ከሥሩ ወንበሩንና መሳቢያውን አርቀው የመውረጃ ቁልፉን እስከ ታች ይጫኑ፣ ይልቀቁ፣ እንደገና ትንሽ ወርዶ ብቅ እስኪል ድረስ ተጭነው ይያዙ፤ በአብዛኞቹ ጠረጴዛዎች ላይ ይህ ይሠራል። የወንበሩን እጀታ ከጣውላው ሥር ትተው ጠረጴዛውን አያውርዱ፤ የግጭት መከላከያው ለስላሳ ነገርን ሁልጊዜ አይለይም።

ከፍታውንና ሰዓቱን ካስተካከሉ በኋላ ጥቂት ሳምንት ጠብቀው ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ተረከዝዎን የሚወጉ ከሆነ ወይም የትከሻው ሕመም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎት ከሆነ ሐኪም ይዩ። ወደ እግር የሚወርድ መደንዘዝ ወይም መዛል ካለ፣ አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመና ከሞቀ ግን ሳምንት አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይሂዱ። የደም ሥር ማበጥ፣ የልብ ችግር ወይም እርግዝና ያለበት ሰው ደግሞ ምን ያህል መቆም እንደሚችል አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።